ቀሪ ሥልጣን ምንድን ነው?

የፌዴራል ሕገ መንግሥት የሚያረቅ ሰው የመንግሥትን ሥራ ሁሉ ዘርዝሮ መጨረስ አይችልም። መከላከያ፣ የውጭ ግንኙነት፣ ገንዘብ ማተም እያለ ለማዕከሉ ይቆጥራል፤ ሰነዱ ሲጻፍ ያልነበረ ጉዳይ ግን፣ ኢንተርኔትን የመሰለ፣ ኋላ መምጣቱ አይቀርም። ስለዚህ በስም ያልተጠራውን ሁሉ በጅምላ ለአንዱ ወገን ይሰጣል። ቀሪ ሥልጣን የሚባለው ይህ ነው።

አሜሪካ ቀሪውን ለግዛቶችና ለሕዝቡ ትታለች (10ኛው ማሻሻያ፣ እ.ኤ.አ. 1791)። ቀድሞ ለየብቻ የቆሙ ግዛቶች ስለነበሩ፣ የሰጡትን ሰጥተው የተረፈውን ያዙ ማለት ነው። አውስትራሊያና ስዊዘርላንድም እንዲሁ ናቸው። ካናዳ በ1867 እና ሕንድ በ1950 ግን ለማዕከሉ ሰጡ። ካናዳ የጎረቤቷን የአሜሪካን የእርስ በርስ ጦርነት አይታለች፤ ሕንድም ፓኪስታን ከተለየችበት ክፍፍል ማግሥት ነበረች፤ ሁለቱም ጠንካራ ማዕከል ፈለጉ።

የኢትዮጵያው የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 51 የፌዴራሉን ሥልጣን በ21 ንዑስ አንቀጾች ይዘረዝራል። አንቀጽ 52 ለፌዴራሉ ብቻ ወይም ለሁለቱ በጋራ በግልጽ ያልተሰጠው የክልሎች ነው ይላል። ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ልዩነት ግን አለ። ተለይቶ ያልተሰጠ ግብር ሲሆን ጉዳዩ በቀጥታ ለክልል አይሄድም፤ በአንቀጽ 99 መሠረት የሕዝብ ተወካዮችና የፌዴሬሽን ምክር ቤቶች በጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ይወስኑታል።

ቀሪው በእጁ ያለ ወገን ይበልጣል ብሎ ማሰብ ትልቁ ስሕተት ነው። የቀሪው ስፋት በዝርዝሩ ቃላት ስፋት ይወሰናል። አሜሪካን እንይ። በግዛቶች መካከል የሚደረግን ንግድ መቆጣጠር ለፌዴራሉ የተሰጠ ሥልጣን ነው። እ.ኤ.አ. በ1942 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ገበሬ ለራሱ ፍጆታ ያመረተውን ስንዴ ሳይቀር በዚያ ውስጥ አስገባው፤ እንደሱ ያሉ ብዙ ገበሬዎች ከገበያ መግዛት ቢያቆሙ የአገሪቱ የስንዴ ዋጋ ይነካል በሚል። እንዲህ ከተነበበ ለግዛቶች ምን ይቀራል? ገደብ ያበጀው እ.ኤ.አ. የ1995 ውሳኔ ነው፤ በትምህርት ቤት አካባቢ መሣሪያ መያዝ ንግድ አይደለም ብሎ የፌዴራሉን ሕግ ሻረ። በካናዳ የሆነው ግልባጩ ነው። የመጨረሻውን ፍርድ ይሰጥ የነበረው የለንደኑ ችሎት፣ ለክፍላተ ሀገር የተሰጠውን «ንብረትና የፍትሐ ብሔር መብቶች» የሚል ሐረግ እያሰፋ የማዕከሉን ቀሪ ሥልጣን አጠበበው።

ስለዚህ አንድ ጉዳይ የማን እንደሆነ ሲፈለግ መጀመሪያ የፌዴራሉ ዝርዝር፣ ቀጥሎ የጋራው ይታያል፤ ቀሪው የሚጠራው ሁለቱም ዝም ሲሉ ብቻ ነው። የጉዳዩን ስም አግኝቶ ማቆምም ያሳስታል፤ ግሱን ማንበብ ይገባል። መሬትን ብንወስድ፣ በአንቀጽ 51(5) ስለ አጠቃቀሙና ጥበቃው ሕግ የሚያወጣው ፌዴራሉ ነው፤ በ52(2)(መ) ደግሞ በዚያው ሕግ መሠረት የሚያስተዳድረው ክልሉ ነው። ሕግ ማውጣትና ማስተዳደር ተከፍለዋልና «መሬት የክልል ነው» የሚለውም «የፌዴራል ነው» የሚለውም ግማሹን ብቻ አንብቧል።

ክርክሩ ካልተፈታ ዳኛው ማን ነው? በአሜሪካ ፍርድ ቤት ነው። በኢትዮጵያ ግን የፌዴሬሽን ምክር ቤት ነው፤ የሕገ መንግሥት ጉዳዮች አጣሪ ጉባኤ ጉዳዩን መርምሮ ሲያቀርብለት በ30 ቀናት ውስጥ ይወስናል።