ቆዳ ላይ የምንቀባው ነገር፦ ከፌጦና እንዶድ እስከ ኩልና ሜርኩሪ ያለበት ክሬም

እኛ ሀገር የቆዳ ነገር መጀመሪያ የሚታከመው ቤት ውስጥ ነው፣ ሀኪም ጋ የሚኬደው ሁሉም ተሞክሮ ካለቀ በኋላ ነው። ልጁ ራስ ላይ ላሽ ወጣ፣ አንገቱ ላይ ቋቁቻ ታየ፣ ጣቱ መሀል እከክ ገባ ከተባለ ጎረቤቱ በሙሉ አዋቂ ይሆናል፣ አንዷ ፌጦ ወቅጠሽ በሎሚ ለውሰሽ ቀቢው ትላለች፣ ሌላዋ የብሳና ቀንበጥ ጨምቂበት፣ ሌላዋ ደሞ ኧረ ፀበል ይሻላል ትላለች። ከዚህ ሁሉ የሚጠቅምም አለ፣ ዝም ብሎ የሚያቃጥልም አለ። እኔን ግን ከቅጠሉ በላይ የሚያስፈራኝ ከሱቅ የሚገዛው ነው፣ እሱ ጋ እመጣለሁ።

ብሳና፣ ሬት፣ ነጭ ሽንኩርት የመሳሰሉት ላብራቶሪ ውስጥ ፈንገስና ባክቴሪያ ላይ ተሞክረው ውጤት ያሳዩ ናቸው፣ ስለዚህ አያቶቻችን ዝም ብለው አልነበረም የሚቀቡት። ችግሩ ላብራቶሪ ውስጥ የተጣራ ጭማቂና እናት እጇ ላይ አሽታ የምትቀባው ቅጠል አንድ አይደለም፣ መጠኑም አይታወቅም። የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት በጨርቅ ታስሮ ካደረ ቆዳውን ልክ እንደ እሳት ነው የሚያቃጥለው፣ ሎሚ ተቀብቶ ፀሀይ ላይ መውጣት ደሞ ውሃ የቋጠረ ቁስል ያመጣና ሲድን ጥቁር ምልክት ትቶ ይሄዳል።

እንዶድ ለብቻው መወራት አለበት። እ.ኤ.አ. በ1964 ዶ/ር አክሊሉ ለማ አድዋ አካባቢ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ወንዙ ውስጥ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አዩ፣ ከዛ ነው የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ቀንድ አውጣን ለማጥፋት ያገለግላል ወደሚለው ምርምር የተገባው፣ በ1989 ከዶ/ር ለገሰ ወልደዮሐንስ ጋር ሆነው አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት ተሸልመውበታል። እንግዲህ ልብስ የሚያነጣና ቀንድ አውጣ የሚገድል ነገር ነው፣ ለማጠቢያ ይሁን፣ ቀቅሎ መጠጣት ግን ሰው ይጎዳል፣ በተለይ ነፍሰ ጡር።

ቁንጭር ደሞ ሌላ ታሪክ ነው። ደጋ ላይ፣ ገደላማ ቦታ አካባቢ የሚኖሩ ልጆች ፊት ላይ ይወጣል፣ ብዙ ጊዜ ጉንጭና አፍንጫ ላይ፣ መጀመሪያ ትንሽ እብጠት ትመስላለች ከዛ ቀስ እያለች ትሰፋና ቅርፊት ትይዛለች፣ አያምም፣ ለዛም ነው ወራት ሙሉ ችላ የሚባለው። የሌሊት ወፍ ሸንቶበት ነው የሚል ሰው እስካሁን ሞልቷል። የሚያስተላልፈው ግን አሸዋ ዝንብ የሚባል በጣም ትንሽ ተናካሽ ነው፣ ጥገኛው ተህዋስ ደሞ ሽኮኮ ውስጥ ይኖራል፣ ገደልና ሽኮኮ አንድ ላይ ስለሆኑ በሽታውም እዛው ነው የሚገኘው። ቤት ውስጥ በጋለ ብረት የሚተኩስ አለ፣ ቁስሉ ላይ ሌላ ቁስል መጨመር ነው፣ ፊት ላይ የሚቀረው ጠባሳም ይብሳል። ሆስፒታል የሚሰጠው መርፌ ሶዲየም ስቲቦግሉኮኔት ነው፣ የተሰራው ከአንቲሞኒ ነው፣ እንደ እርሳስና ሜርኩሪ ካሉ ከባድ ብረቶች ጋር የሚቆጠረው አንቲሞኒ። ልብና ጉበት ስለሚነካ በሀኪም ክትትል ብቻ ነው የሚወሰደው።

እከክ ላይ ቅጠል ጊዜ ማባከን ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 እና 16 ድርቁ ጊዜ አማራ ክልል ውስጥ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ሰው ሲይዘው የታየው ነገር አንድ ነው፣ ውሃ ሲጠፋና ሰው ተጨናንቆ ሲተኛ እከክ ይነግሳል። መድኃኒቱ ፐርሜትሪን ወይ ቤንዚል ቤንዞኤት ቅባት ወይ አይቨርሜክቲን ክኒን ነው፣ ግን ቤተሰቡ በሙሉ በአንድ ቀን ካልታከመ ያው ከወንድሙ ተመልሶ ይይዘዋል፣ ልብስና አንሶላውም በፈላ ውሃ መታጠብ አለበት። ራስ ላይ ያለ ላሽ ደሞ በቅባት ብቻ አይድንም፣ ፈንገሱ ፀጉሩ ውስጥ ስለሚገባ እንደ ግሪሲዮፉልቪን ያለ የሚዋጥ መድኃኒት ለሳምንታት ያስፈልገዋል።

አሁን ወደ ሱቁ። ሁለት ነገር አለ። አንደኛው ጠንካራ ስቴሮይድ (ማሳከክና መቅላትን የሚያበርድ መድኃኒት) ያለበት ክሬም ነው፣ ቋቁቻ ላይ ሲቀባ ማሳከኩ በሁለት ቀን ይጠፋል፣ ሰውየው ዳንኩ ይላል፣ ፈንገሱ ግን ከስር እየተስፋፋ ነው፣ ሲቆም በእጥፍ ይመለሳል። ሁለተኛው ፊት የሚያቀላው ክሬም ነው፣ አንዳንዱ ውስጥ ሜርኩሪ አለ። የሚያቀላው ቆዳው ቀለም እንዳይሰራ ስለሚያግደው ነው፣ ግን በቆዳ ገብቶ ኩላሊት ይጎዳል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ እንቅልፍ ይነሳል፣ ተኑ ቤት ውስጥ ስለሚቀር ያልተቀባ ህፃንም ይደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የፀደቀው ሜርኩሪን ለመቀነስ የተደረገው ዓለም አቀፍ የሚናማታ ስምምነት ከ1 ፒፒኤም (ከሚሊዮን አንድ እጅ) በላይ ሜርኩሪ ያለው መዋቢያ ከ2020 በኋላ እንዳይመረት ብሎ ነበር፣ ገበያው ላይ ግን አሁንም አለ። እቃው ላይ ካሎሜል ወይ መርኩሪክ የሚል (ሁለቱም የሜርኩሪ ውህድ ማለት ናቸው) ከተፃፈ ወይ ምን እንዳለበት ጭራሽ ካልተፃፈ መተው ነው።

ኩልም እንደዛው። ከድንጋይ የሚፈጨው ኩል ብዙ ጊዜ የእርሳስ (ሌድ የሚባለው ብረት) ማዕድን ነው፣ ትልቅ ሰው ላይ ብዙም ላይታወቅ ይችላል፣ ህፃን ግን አይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል፣ እርሳስ ደሞ የልጅ አእምሮ ነው የሚጎዳው።

እና ከባድ ብረት ሰውነት ውስጥ ገባ ከተባለ ቤት ውስጥ ምን ይደረጋል? ጋራዥና ቀለም ቤት የሚሰራ ሰው ሁሉ ወተት መርዝ ያጠፋል ይላል። ወተት የገባውን አያወጣም። እውነት የሆነው ይሄ ነው፣ ካልሲየምና አይረን (ምግብ ውስጥ የሚገኘው ብረት) ያነሰው ሰውነት እርሳስን የበለጠ ይመጥጣል፣ ስለዚህ ወተቱም ጤፉም ጎመኑም ጥሩ ምግብ ናቸው፣ በባዶ ሆድ አለመዋልም ይረዳል፣ በትንፋሽ የገባውን አቧራ ግን አያስቆሙትም። ነጭ ሽንኩርት ኢራን ውስጥ የመኪና ባትሪ ፋብሪካ ሰራተኞች ላይ ተሞክሮ ደማቸው ውስጥ ያለውን እርሳስ ቀንሷል የሚል አንድ ትንሽ ጥናት አለ፣ በአንድ ጥናት ግን መድኃኒት ነው ማለት አይቻልም። ድንብላልና የደም ማጥሪያ እየተባለ የሚሸጠው ዱቄት ሰው ላይ የተረጋገጠ ነገር የለውም፣ ጭራሽ አንዳንዱ ዱቄት ራሱ እርሳስ ተገኝቶበታል። የሚያስወጣው እንደ ሰክሲመር ያለ ከብረቱ ጋር ተጣብቆ በሽንት የሚወጣ መድኃኒት ነው፣ እሱም የሚሰጠው ለእርሳስ ደም፣ ለሜርኩሪ ሽንት ተመርምሮ መጠኑ ከታወቀ በኋላ ነው።

ቤት ውስጥ የሚሰራው ምንጩን ማራቅ ነው፦ የስራ ልብስን ቤት አለማስገባት፣ ከምግብ በፊት እጅ በሳሙና መታጠብ፣ ወለሉን ደረቁን ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ መወልወል። ክሬም የተጠረጠረ ከሆነ ወዲያው አቁሞ እቃውን ላስቲክ ውስጥ አስሮ ሀኪም ጋ ይዞ መሄድ ነው፣ ምን እንደተቀባ ካላዩት ምርመራውን ከየት እንደሚጀምሩ አያውቁም።