ሕዝብን ማወያየት በሐዋሳ

በሐዋሳ ከተማ ነዋሪውን ስለ አካባቢው ጉዳይ ማወያየት ብዙ መልክ አለው። የቀበሌ ስብሰባው፣ የክፍለ ከተማው መድረክ፣ በፕላን ላይ የሚደረገው ውይይትና በየቢሮው በር ላይ የሚሰቀለው የሐሳብ መስጫ ሳጥን ሁሉም በዚሁ ስም ይጠራሉ። መነሻቸው የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ነው። አንቀጽ 43 ዜጎች ማኅበረሰባቸውን በሚነኩ ፖሊሲዎችና ፕሮጀክቶች ላይ ሐሳባቸው እንዲጠየቅ መብት ይሰጣል፤ አንቀጽ 50 ደግሞ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዛል።

ያ ዝቅተኛ እርከን ቀበሌ ነው። ቀበሌ የተወለደው ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ባደረገበት አዋጅ፣ በከተማ ነዋሪዎች ማኅበር መልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢለወጥም መታወቂያ የሚሰጠው፣ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፈውና ስብሰባ የሚጠራው ያው አንድ ቢሮ ነው። ነገ ማኅተም የሚፈልግ ሰው ዛሬ ሊቀመንበሩን በአደባባይ ለመንቀፍ ሁለት ጊዜ ያስባል። ስለ ተሳትፎ ሲወራ ይህ እምብዛም አይነሳም እንጂ፣ በአዳራሹ ውስጥ ላለው ዝምታ ከሁሉ የቀረበው ምክንያት ይመስለኛል።

በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ የቀበሌ ምክር ቤቶች እስከ 300 አባላት እንዲይዙ ተደርገው ነበር። ቀጣዩ ምርጫ በ2005 ተካሄደ፤ ለ2010 የታሰበው ግን ተራዘመ። የምክር ቤቱ የሕዝብ ውክልና ሲያረጅ ነዋሪውን ሰብስቦ የመጠየቁ ሸክም በስብሰባዎቹ ላይ ወደቀ።

ከቀበሌው በፊት አገሬው የራሱ ሥርዓት ነበረው። ሲዳማ በሶንጎ፣ ሽማግሌዎች ተሰብስበው፣ ነገሩን ሁሉም ሰምቶ ሐሳብ እስኪሰጥበት ይመክራል። አፊኒ የሚባለው የመደማመጥ ልማድም ሁሉም ሳይሰማ ውሳኔ አይቸኩልም። የቀበሌ ስብሰባ ግን አጀንዳው ሲያልቅ ያልቃል።

ጥሪው በድምፅ ማጉያ፣ በእድር በኩል ወይም ቤት ለቤት በሚዞር የመንደር አስተባባሪ ይደርሳል። ሪፖርት ይነበባል፣ ከዚያ እጅ ይወጣል፦ ውሃ፣ መብራት፣ የጎርፍ መውረጃ፣ ቆሻሻ፣ የባጃጅ ታሪፍ። አንዱ በአማርኛ፣ ሌላው በሲዳምኛ ይናገራል። ጥያቄዎቹ በጅምላ ተሰብስበው በጅምላ ይመለሳሉ፤ «አቅጣጫ ተቀምጧል» የሚለውን መልስ ያልሰማ የከተማ ነዋሪ ያለ አይመስለኝም። ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ባለፈው ስብሰባ የተያዘውን ግን ማንም መልሶ አያነብም።

ማን እንደሚመጣም ልብ ማለት ይገባል። ጡረተኞች፣ የቤት ባለቤቶችና የእድር ሰዎች አይቀሩም። ተከራዮች ግን ብዙም አይታዩም። በ2008 ዓ.ም. የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ ከገጠር የመጡ በሺዎች የሚቆጠሩ ወጣት ሴቶችን ወደ ከተማዋ አምጥቷል፤ በአንድ ክፍል ሦስትና አራት ሆነው የሚከራዩት እነዚህ ሠራተኞች በፈረቃ ስለሚውሉ ከስብሰባውም ከዝርዝሩም ውጭ ናቸው። የቤት ኪራይ ጉዳይ በመድረኩ ላይ ሲነሳ የሚናገሩት አብዛኛውን ጊዜ አከራዮቹ ናቸው።

ውይይቱ እውነተኛ የሚሆነው ነዋሪው ገንዘቡን ሲያወጣ ነው። ለሰፈር ኮብልስቶን ወይም ለቦይ መዋጮ ሲሰበሰብ የሰፈሩ ሰው ኮሚቴ ይመርጣል፣ ደረሰኝ ይጠይቃል፣ ኮንትራክተሩ ድንጋዩን ሲያነጥፍ ቆሞ ያያል። እዚህ ማንም «አቅጣጫ» አይቀበልም። ችግሩ መዋጮ መክፈል የማይችል ሰፈር ተራው የሚዘገይበት መሆኑ ነው።

ከባዱ ጥያቄ መሬት ነው። ከተማዋ በቱላ በኩል ወደ ገጠር ቀበሌዎች ስትሰፋ ገበሬው ቡናውንና እንሰቱን ይለቃል። አዋጅ ቁጥር 1161/2011 ባለይዞታዎች መሬታቸውን ከማስረከባቸው ቢያንስ አንድ ዓመት በፊት እንዲወያዩ ያስገድዳል፤ መሬቱ በአስቸኳይ ለልማት የሚፈለግ ከሆነ ግን ጊዜው ሊያጥር ይችላል። ሕጉን በጥንቃቄ ላነበበው ውይይቱ ስለ ፕሮጀክቱ ዓይነት፣ ጥቅምና አጠቃላይ ሂደት እንጂ መሬቱ ይወሰድ ወይስ አይወሰድ በሚለው ላይ አይደለም። ባለይዞታው ግን ስብሰባው ላይ የሚመጣው ይህንኑ ሊጠይቅ ነው፤ አወያዩ ደግሞ ስለ ካሳ ስሌት ይመልሳል። የማስለቀቂያ ትእዛዝ የደረሰው ሰው ለአቤቱታ ሰሚ አካል ቅሬታውን የሚያቀርብበት ጊዜ 30 ቀን ነው።

ለምርጫ የቀረበ አንድ ትልቅ ጥያቄ ግን ሐዋሳ ታውቃለች። ኅዳር 10 ቀን 2012 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ ሲዳማ ራሱን የቻለ ክልል ይሁን ወይስ አይሁን ተብሎ ተጠየቀ፤ ድምፅ ከሰጡት 98.5 በመቶው ክልል ይሁን አሉ። ከተማዋም የአዲሱ ክልል መዲና ሆነች። የሰፈሩ ቦይ ግን እስካሁን በስብሰባ ነው የሚጠየቀው።