የጌም ኮንሶል «ትውልድ» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሐዋሳ ባሉ ጌም ቤቶች ተራ እየተጠበቀ ከሚያከራክሩ ነገሮች አንዱ የትኛው ኮንሶል (የጌም ማጫወቻ መሣሪያ) ከየትኛው ይበልጣል የሚለው ነው። ፕሌይስቴሽን 3ን ከኤክስቦክስ ዋን ጋር ማወዳደር ግን ፍትሐዊ አይደለም፤ ትውልዳቸው ይለያያል።

ትውልድ የሚለየው በስሙ ላይ ባለው ቁጥር አይደለም፣ በጉልበትም አይደለም። በተቀራረበ ጊዜ ወጥተው አንድ ገበያ የተሻሙ ኮንሶሎች አንድ ትውልድ ይባላሉ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ኤክስቦክስ 360 ተፎካካሪው የ2006ቱ ፕሌይስቴሽን 3 ነው። ኤክስቦክስ ዋን ስሙ የመጀመሪያው ያስመስለዋል እንጂ ሦስተኛው ነው፤ እኩያው ፕሌይስቴሽን 4 ሲሆን ሁለቱም በ2013 ወጡ። ግራ መጋባቱን ያባባሰው የኤክስቦክስ ሠሪው የማይክሮሶፍት ስም አወጣጥ ነው ባይ ነኝ።

ኒንቴንዶ ዊ በምስል ጥራት ከፕሌይስቴሽን 3 እጅግ ያነሰ ነበር። ሆኖም በዚያው በ2006 ስለወጣ ትውልዱ አንድ ነው፤ እንዲያውም ከ100 ሚሊዮን በላይ ተሸጦ በገበያ በልጦታል። የ2016ቱ ፕሌይስቴሽን 4 ፕሮ ደግሞ የተሻሻለ እንጂ አዲስ ትውልድ አይደለም።

ያገለገለ ኮንሶል የምትገዙ ይህንን ልብ በሉ፦ የፕሌይስቴሽን 4 ዲስኮች፣ ከጥቂቶች በቀር፣ የዲስክ ማስገቢያ ባለው ፕሌይስቴሽን 5 ላይ ይሠራሉ። የ5ቱ ዲስክ ግን 4ቱ ላይ አይሠራም። የፕሌይስቴሽን 5 እኩያ የሆነው ኤክስቦክስ ሲሪዝ ኤስ ጭራሹኑ የዲስክ ማስገቢያ የለውም፤ ጌሙ ሁሉ የሚወርደው በኢንተርኔት ስለሆነ ቤቱ ፈጣን መስመር ለሌለው ሰው አልመክረውም።