መስኮት ላይ የተቀመጠው ጎበዝ

ሰላም ለእናንተ ይሁን ቅዱሳን። ባለፈው ወር የወጣቶች አገልግሎት አስተባባሪዎች ተሰብስበን «የአገልግሎታችን እሴቶች» የሚል ባነር ልናሠራ ነበር። ጸሎት፣ ቅድስና፣ ፍቅር፣ አንድነት፣ ልህቀት። ለማሳተሚያው ብር ሁሉ ተዋጥቷል። አንዷ እህት «እነዚህማ ድሮም ግድግዳው ላይ አሉ» አለች። ዞር ብለን አየን። እውነቷን ነው። ከኪቦርዱ ጀርባ፣ በቢጫ ወረቀት፣ ጥጉ ተልጦ።

ባነሩን ትተን የሐዋርያት ሥራ 20ን ከፈትን።

ታሪኩን ታውቁታላችሁ። ጢሮአዳ ከተማ ነው። ምእመናን በሳምንቱ መጀመሪያ ቀን፣ በእሑድ፣ እንጀራ ሊቆርሱ ተሰብስበዋል። ጳውሎስ በማግስቱ መንገደኛ ስለሆነ እስከ እኩለ ሌሊት ተናገረ። ሰገነቱ ላይ ብዙ መብራት በርቷል። አውጤኪስ የሚባል ልጅ መስኮት ላይ እንደተቀመጠ እንቅልፍ ጣለው፤ ከሦስተኛው ደርብ ወደቀ። ሞቶ አነሡት።

የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ ይህን ልጅ «ጎበዝ» ይለዋል። በዱሮው አማርኛ ወጣት ማለት ነው። እኔ ግን በዛሬውም ትርጉሙ ይገባዋል እላለሁ። ያኔ እሑድ የሥራ ቀን ነበር፤ የሮሙ ንጉሠ ነገሥት ቆስጠንጢኖስ እሑድ እንዲታረፍ ያወጀው በ321 እ.ኤ.አ. ነው። አውጤኪስ ሥራ ውሎ መጥቶ ሊሆን ይችላል። የመጽሐፉ ጸሐፊ ሉቃስ ይህን አልጻፈም። «ጳውሎስም ነገርን ባስረዘመ ጊዜ» የምትለዋን ግን ጽፏታል። (እኛ ሰባኪዎች እዚህች ጋ ስንደርስ ንባባችን ይፈጥናል።)

አሁን የራሴን ልናገር።

አዳራሻችን ካዛንቺስ ዳር ነው። በ2017 መጀመሪያ ሰፈሩ ለመልሶ ማልማት ሲነሣ ብዙ ልጆቻችን ከነቤተሰባቸው ገላን ጉራ ገቡ። ድሮ ከቤታቸው በነጠላ ጫማ የሚመጡ ልጆች አሁን ታክሲ እየቀያየሩ ነው የሚመጡት። አንዱ ሁሌ በር ሥር ይቀመጣል። ቦርሳው ጉልበቱ ላይ ነው። አንድ እሑድ እያስተማርኩ እንቅልፍ ወሰደው። እኔም ማይኬን እንደያዝኩ «ወገኖች፣ በር ላይ ያለውን ወንድማችንን ቀስቅሱልኝ፣ ገና ሁለት ነጥብ ይቀረኛል» አልኩ። ሰው ሳቀ። እሱም ሳቀ። ከዚያ በኋላ ግን አልመጣም።

ያን ቀን ጫማው ላይ ዱቄት ነበር። ገና ሲገባ አይቼዋለሁ፤ አልጠየቅኩትም።

ሁለት ወር ሙሉ «እየጸለይኩለት ነው» ስል ከረምኩ። ለወጣቱ ሸክም አለኝ የምል ሰው ነኝ እኮ! በመጨረሻ አንድ ቅዳሜ ሁለት ታክሲ ይዤ፣ የቀረውን በእግሬ ሄድኩ። እናቱ በር ከፈቱ። «ውይ፣ ይግቡ፣ ይግቡ፤ ቡናው ሊደርስ ነው» አሉኝ። እሱ ግን የለም። ለካ ዳቦ ቤት ነው የሚሠራው። ቅዳሜ ማታ እዚያው ያድራል፤ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሊጥ ያቦካል። እኔ እሑድ ከሰዓት በኋላ «ነቃ በሉ!» ስል እሱ ከነቃ አሥራ ሁለት ሰዓት አልፎታል። እናቱ ስልክ ደወሉለትና ሰጡኝ። ይቅርታ ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «ጋሼ፣ ሰው ፊት ባይሉኝ ኖሮ ምንም አልነበረም» አለኝ።

ጳውሎስ ምን አደረገ? ስብከቱን አቁሞ ወረደ። ከሰገነት እስከ መሬት። ልጁን አቀፈው፣ ነፍሱ እንዳለችበት ተናገረ። «በጉባኤ መሀል እንዴት ይተኛል» የሚል ቃል የለም። ከዚያ ተመልሶ ወጥቶ እንጀራ ቆረሰ፣ እስኪነጋም ተነጋገረ። ትምህርቱ አልቀረም፤ ልጁ ግን ቀደመ።

ስለ እሴት ስናወራ እኔን የያዘኝ ይህ መውረድ ነው። በ1964 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ለውጭ አጋሮቿ በጻፈችው ደብዳቤ፣ ወንጌልና ልማት ተነጣጥለው ሰው ለሁለት መከፈል እንደሌለበት ተሟግታለች። ዋና ጸሐፊዋ ቄስ ጉዲና ቱምሳ ነበሩ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. እዚሁ ጎረቤታችን ኡራኤል ሰፈር ባለው የመካነ ኢየሱስ አጥቢያ ሰብከው ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ሙሉውን ሰው ማገልገል የሚለው ትምህርት ስንት እንዳስከፈለ ሳስብ፣ «ምሳ በልተሃል?» ብሎ መጠየቅ የከበደኝ እኔ አፍራለሁ።

እናም ባነሩ ቀርቶ የተስማማንባቸው ነገሮች አሉ። ፕሮግራም በሰዓቱ ያልቃል። «መንፈስ ስለመራን ነው» እያልን ስናስረዝም እህቶቻችን በጨለማ ታክሲ ሲጋፉ ያመሻሉ። መንፈስ ቅዱስ ስለ እነሱም ያስባል። እያለቀሰ የሚጸልይ ልጅ ቪዲዮ ቲክቶክ ላይ አይወጣም። ይህ ብዙ አከራከረን። «ሌሎች ይባረኩበታል» የሚል ነበር፤ እኔ ግን የሰው ዕንባ የእኛ ማስታወቂያ አይደለም ባይ ነኝ። መዋጮ በግል ቴሌብር አይሰበሰብም። ምክር በተዘጋ በር አይሰጥም። እነዚህ ሁለቱ ማብራሪያ የሚያስፈልጋቸው አይመስለኝም።

አንድ ልጨምር። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ «ማንም ታናሽነትህን አይናቀው» ያለው በቃል፣ በኑሮ፣ በፍቅር፣ በእምነት፣ በንጽሕና ምሳሌ እንዲሆን ነው። እኛ ወጣቶቻችንን ወንበር አስደርድረን፣ ስፒከር አሸክመን «እያገለገሉ ነው» እንላለን። ውሳኔ ላይ ግን አንጠራቸውም። አሁን ከአስተባባሪዎቹ ሦስቱ ከሃያ ዓመት በታች ናቸው። ስብሰባው ረዝሟል፣ ጭቅጭቅም በዝቷል። ልክ ነው፤ ይርዘም።

ዳቦ ቤት የሚሠራው ልጅ ተመልሷል። አሁንም በር ሥር ነው የሚቀመጠው፣ ታክሲ እንዳያመልጠው። እኔም ወንበሬን ከመድረክ አንሥቼ አጠገቡ አድርጌዋለሁ። ባለፈው እሑድ እንግዳ ሰባኪ ነበረን፤ ትንሽ አስረዘመው። ዓይኔ ክድን ሲል ልጁ በክርኑ ነካ አደረገኝ፤ ማንም ሳያይ።