የማይክ ካፕሱል ምንድን ነው? «ሞቷል» ከመባሉ በፊት የሚፈተሸው

ካፕሱል ማለት ከማይኩ ራስ፣ ከሽቦ መረቡ ሥር የተቀመጠው ድምፅን ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ክፍል ነው። እጀታው፣ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ትራንስፎርመሩና መሰኪያው ካፕሱሉ የሠራውን ይዘው ወደ ሚክሰር ከማድረስ ያለፈ ሥራ የላቸውም። ድሬዳዋም ሆነ ሐረር፣ ሞንታርቦ የሚያከራዩ ቤቶች ጓዳ ውስጥ «ካፕሱሉ ሞቷል» ተብለው ካርቶን ውስጥ የተጣሉ አሮጌ ዳይናሚክ (በማግኔትና በኮይል የሚሠሩ) ማይኮች አይጠፉም። ብዙዎቹ ግን ካፕሱላቸው ደህና ነው፤ የለቀቀባቸው ገመድ ወይም አንዲት ብየዳ ናት። በሚገባ የተሠራ ዳይናሚክ ማይክ አሥርት ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ስለሆነ በችኮላ ፍርድ መጣሉ ያሳዝናል።

በካፕሱሉ ውስጥ የሚሆነው ነገር ቀላል ነው። ከፊት ዲያፍራም የሚባል ስስ የፕላስቲክ ሽፋን አለ። ከዲያፍራሙ ጀርባ ከፀጉር የቀጠነ የመዳብ ሽቦ ተጠምጥሞ ተጣብቋል፤ ኮይሉ ይህ ነው። ኮይሉ በጠንካራ ማግኔት ጠባብ ክፍተት ውስጥ፣ ግራና ቀኙን ሳይነካ ተንጠልጥሎ ይቆማል። ድምፅ ዲያፍራሙን ሲያርገበግበው ኮይሉም አብሮ ወደፊትና ወደኋላ ይላል፣ በማግኔቱ መስክ ውስጥ ስለተንቀሳቀሰም ቮልቴጅ ይፈጠርበታል። ማይክል ፋራዳይ እ.ኤ.አ. በ1831 ያሳየው የኢንዳክሽን ሕግ ነው። ባትሪም ሆነ ሌላ ኃይል አያስፈልገውም።

የሚፈጠረው ቮልቴጅ ግን በጣም ትንሽ ነው። እ.ኤ.አ. በ1966 የወጣው ሹር ኤስኤም58፣ 94 ዴሲቤል ድምፅ ሲደርሰው የሚሰጠው 2 ሚሊቮልት አይሞላም። ቀጭን ኦክሳይድ የያዘ የማብሪያ ማጥፊያ ምላስ ወይም የተሰነጠቀች ብየዳ ይህን ያህል ትንሽ ቮልቴጅ ሙሉ በሙሉ ልትውጠው ትችላለች። በዚህ ምክንያት ካፕሱሉ መጠርጠር ያለበት መጨረሻ ላይ ነው፤ ፍተሻው ከውጭ ወደ ውስጥ ይሄዳል።

መጀመሪያ ገመዱ። ደህና መሆኑ የታወቀ ሌላ ማይክ በዚያው ገመድና በዚያው የሚክሰር ቀዳዳ ይሰካ። እሱም ዝም ካለ ችግሩ ማይኩ ላይ አይደለም። ገመድ ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ከጃኩ አንገት ላይ ነው፤ መድረክ ላይ የሚታጠፈውና የሚጎተተው እዚያ ጋ ስለሆነ። ጫፉን ይዘው ወዲህ ወዲያ ሲያጣጥፉት ድምፁ ብቅ ጥልቅ ካለ፣ 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ቆርጦ እንደገና መበየድ ነው።

ገመዱ ደህና ከሆነ ቴስተር ይውጣ። ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የሚገዛ ርካሽ ዲጂታል ቴስተር ይበቃል። ማይኩን ከገመዱ ይንቀሉ፣ ማብሪያ ማጥፊያው «ክፍት» ላይ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ሲጠፋ መስመሩን የሚቆርጥ አለ፣ ሁለቱን እግሮች የሚያገናኝም አለ፣ ሁለቱም ንባቡን ያሳስታሉ። ቴስተሩን 200 ኦም ላይ አድርገው ባለሦስት እግሩ የኤክስኤልአር መሰኪያ 2ኛና 3ኛ እግር ላይ ይለኩ። ጤነኛ ዝቅተኛ ኢምፒዳንስ (ለኤሌክትሪክ ምልክት የሚያሳየው ተቃውሞ) ያለው ማይክ ከጥቂት አሥር ኦም እስከ ጥቂት መቶ ኦም ያሳያል፤ 200 ካለፈ ወደ 2000 ኦም ይቀይሩ። የቴስተሩ ጫፍ በነካ ቁጥር ከማይኩ ራስ ቀጭን «ጠቅ» ይሰማል፤ ጆሮን ጠጋ ማድረግ ነው። ይህች ድምፅ ኮይሉም አልተበጠሰም፣ ዲያፍራሙም ይንቀሳቀሳል ማለት ስለሆነች ከቁጥሩ በላይ ታስተማምናለች። ኮይል በሌለው በሪቦን ማይክ ላይ ግን ይህን መለኪያ በፍጹም አይሞክሩ፤ የቴስተሩ ኃይል ስሱን የአሉሚኒየም ጥብጣብ ሊያበላሸው ይችላል።

ስክሪኑ ላይ በግራ በኩል «1» ብቻ ታይቶ ከቀረ መስመሩ አንድ ቦታ ተቆርጧል። ወደ ዜሮ የተጠጋ ከሆነ ደግሞ ሁለት ሽቦዎች ተነካክተዋል። ቀጥሎ 1ኛው እግር ከማይኩ ብረት አካል ጋር ይለካ፤ ዜሮ አካባቢ መሆን አለበት። ካልሆነ ማይኩ በእጅ ሲያዝ «እምምም» የሚል ጉርምርምታ ያመጣል። ከ1ኛው እግር ወደ 2ኛውም ሆነ ወደ 3ኛው ግን በአብዛኞቹ ማይኮች ምንም ግንኙነት ሊኖር አይገባም።

በጣም አሮጌዎቹ ማይኮች ከፍተኛ ኢምፒዳንስ ሆነው ይገኛሉ። መሰኪያቸው ባለአራት እግር ሊሆን ይችላል፣ ንባባቸውም ከሺህ ኦም በላይ ሊወጣ ይችላል። እነዚህ ረጅም ገመድ አይችሉም፤ ከ6 ሜትር አካባቢ ሲያልፍ የገመዱ ካፓሲታንስ ቀጫጭኑን ድምፅ ይበላል፣ ንግግሩ ታፍኖ ይሰማል። ማይኩ አልተበላሸም፤ ገመዱን ማሳጠር ወይም ማመጣጠኛ ትራንስፎርመር መጨመር ነው።

አሁን ይከፈት። ጠረጴዛው ላይ ንጹሕ ነጭ ወረቀት ይነጠፍ፤ ቁልፍ ወይም ብረት የተሞረደበት ጠረጴዛ ላይ ካፕሱል መክፈት ማይኩን መግደል ነው። የሽቦ መረቡ እንደ ክዳን ይፈታል። እንደ ኤስኤም58 ባሉት ካፕሱሉም ከእጀታው ላይ በጥርስ ተሽከርክሮ ይወጣል፣ ከሥሩ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ይታያሉ። ከመንቀልዎ በፊት የሽቦዎቹን ቀለምና ቦታ በስልክ ፎቶ ያንሱ። የታችኛውን መሰኪያ የያዘችው ትንሽ ቡሎን በብዙ ማይኮች ላይ ወደ ውጭ ሳይሆን ወደ ውስጥ በመጥበቅ ነው መሰኪያውን የምትለቀው፤ ይህን ያላወቀ ካቻቢቴውን ሲታገል የቡሎኑን ራስ ይበላል።

እዚህ ላይ አንድ አደጋ አለ። ማግኔቱ ጠንካራ ስለሆነ የብረት ካቻቢቴ ወይም ወረንጦ ሲጠጋው በድንገት ይስበዋል፣ ጫፉም ዲያፍራሙን ቀዶ ይገባል። ሳይከፈት ደህና የነበረ ካፕሱል በዚህ ሁኔታ ይሞታል። ሥራው እስኪያልቅ ዲያፍራሙን በካርቶን ቁራጭ ይሸፍኑት።

ሁለቱን ሽቦዎች ከካፕሱሉ ነቅለው ካፕሱሉን ለብቻው ይለኩት። አነበበ፣ «ጠቅ» አለ? እንግዲያው ካፕሱሉ በሕይወት አለ፤ ጥፋቱ ማብሪያ ማጥፊያው፣ ትራንስፎርመሩ ወይም ብየዳው ጋ ነው። የማብሪያ ማጥፊያውን ምላስ በኮንታክት ክሊነር አርጥቦ ሃያ ጊዜ ያህል ወዲህ ወዲያ ማንቀሳቀስ አብዛኛውን ጊዜ ይፈውሰዋል። ካልሆነ ማብሪያ ማጥፊያውን ትቶ መስመሩን በቀጥታ ማገናኘት ነው፤ ለመድረክ እንዲያውም ያለ ማብሪያ ማጥፊያ ይሻላል። ትራንስፎርመሩን ለማወቅ ካፕሱሉ ተነቅሎ ሳለ 2ኛና 3ኛ እግር ላይ ይለኩ፣ ከዚያም ወደ ካፕሱሉ የሚሄዱትን ሁለት ሽቦዎች እርስ በርስ ይለኩ። ሁለቱም ወገን ማንበብ አለበት፤ አንዱ «1» ካለ ትራንስፎርመሩ ተበጥሷል።

ይኸው ልኬት አስመስሎ የተሠራን ማይክ ለማጋለጥም ይጠቅማል። እውነተኛው ኤስኤም58 እጀታው ውስጥ ትራንስፎርመር አለው፤ ብዙ አስመሳዮች የላቸውም። ካፕሱሉ ተነቅሎ 2ኛና 3ኛ እግር ምንም ካላነበቡ ወይ ትራንስፎርመሩ ተበጥሷል፣ ወይ ውስጡ ባዶ እጀታ ነው። የሁለተኛ እጅ ማይክ የሚገዛ ሰው ይህን ቢያውቅ ገንዘቡን ያድናል።

ካፕሱሉ ራሱ ካላነበበ ተስፋው የተበጠሰበት ቦታ ላይ ነው። ከኮይሉ የሚወጡት ሁለት ጫፎች በዲያፍራሙ ጠርዝ በኩል ዞረው ትናንሽ የብየዳ ነጥቦች ላይ ይጨርሳሉ። ጠንካራ ብርሃን ሥር፣ በማጉያ መነጽር ሲታይ፣ ሽቦው ከነጥቡ ላይ ተላቆ አረንጓዴ ዝገት ይዞ ሊገኝ ይችላል። ይህ ይጠገናል። ከ15 እስከ 25 ዋት መበየጃ፣ ሹል ጫፍ፣ ጥቂት ፍለክስ፣ የሩዝ ፍሬ የማታክል ሊድ። የሽቦው ቫርኒሽ መጀመሪያ ትኩስ ሊድ ውስጥ ገብቶ ይቃጠል፣ ከዚያ ነጥቡ ላይ ከሁለት ሴኮንድ ሳይበልጥ ይበየድ። ቢቆይ ሙቀቱ የዲያፍራሙን ፕላስቲክ ያኮማትረዋል። የተበጠሰው ከዲያፍራሙ ሥር ወይም ከኮይሉ መሐል ከሆነ ግን ሌላ ካፕሱል መፈለግ ይሻላል፤ እንደገና መጠምጠም በእጅ የሚሞከር አይደለም። ለኤስኤም58 መለወጫው አር59፣ ለኤስኤም57 ደግሞ አር57 ይባላል።

ሳይሞት የሚታመም ካፕሱልም አለ፤ በእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚበዛው ይኸኛው ነው። ድምፁ ይወጣል ግን ይሻክራል፣ ወይም ቀጥኖ ወፍራሙን ያጣል። ምክንያቱ የድሬ አሸዋማ አቧራ ነው። በወንዝ አሸዋ ላይ ማግኔት ሲጎተት ጥቁር ብናኝ ለብሶ ይወጣል፤ ያው ብናኝ በመረቡ ሾልኮ ካፕሱሉ ማግኔት ላይ ይለጠፋል፣ ክፍተቱ ውስጥ ከገባም ኮይሉን ያሻሸዋል። ዲያፍራሙ ላይ የተቀመጠውን ብናኝ በጣት ጫፍ በተጠቀለለ ፕላስተር፣ ሙጫው ወደ ውጭ ሆኖ፣ ሳይጫኑ ነካ ነካ አድርገው ያንሱት። በኮምፕሬሰር አየር መንፋት ብናኙን ወደ ውስጥ ይከተዋል፣ ዲያፍራሙንም ሊቀደው ይችላል። መድረክ ላይ ማይክ ለመሞከር «ፉ፣ ፉ» ማለትና በመዳፍ መምታትም ዲያፍራሙን እስከ ዳር ይገፋዋል፣ ምራቅም ያስገባበታል። «ሄሎ፣ አንድ ሁለት» ይበቃል።

ሁለተኛው የሕመም ምክንያት ስፖንጁ ነው። ከመረቡ ውስጥ ያለው ፖሊዩሬቴን ስፖንጅ በዕድሜና በሙቀት ይበሰብሳል፤ በግንቦት ፀሐይ በተዘጋ መኪና ውስጥ የሚውል ማይክ ደግሞ ይብስበታል። ሲነኩት እንደ ዝፍት የሚጣበቅ ወይም ዱቄት የሚሆን ከሆነ ጊዜው አልፏል፣ ፍርፋሪውም ዲያፍራሙን እየደፈነው ነው። መረቡን ለብቻው አውጥተው በሳሙናና ለብ ባለ ውኃ፣ በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይጠቡት፤ ፀሐይ ላይ ፍጹም ይድረቅ። በምትኩ ቀዳዳው ክፍት የሆነ፣ 5 ሚሊሜትር አካባቢ ውፍረት ያለው ስስ ስፖንጅ ይግባ። ጥቅጥቅ ያለ የፍራሽ ስፖንጅ ቀጫጭኑን ድምፅ ያፍነዋል። ሲገጣጠም ከካፕሱሉ ጎንና ጀርባ ያሉት ቀዳዳዎች በናስትሮም ሆነ በሙጫ እንዳይሸፈኑ። ማይኩ ከኋላው የሚመጣውን ድምፅ የሚቀንሰው በእነሱ ነው፤ ከተደፈኑ ስፒከሩ ማፏጨት ይጀምራል፣ ጥፋቱም ተመልሶ በካፕሱሉ ይሳበባል።

ሚክሰሩ በማይኩ ገመድ በኩል የሚልከው የ48 ቮልት ኃይል፣ ፋንተም የሚባለው፣ ጤነኛ ዳይናሚክ ማይክን አይጎዳም፤ ቮልቴጁ በ2ኛውም በ3ኛውም እግር እኩል ስለሚደርስ በኮይሉ ውስጥ የሚያልፍ ኃይል የለም። ከሁለቱ አንዱ ከ1ኛው ጋር ከተነካካ ግን በ6.8 ኪሎ ኦሙ ሬዚስተር በኩል 7 ሚሊአምፒር ያህል ያልፋል። ስለዚህ ጥገናው ተለክቶ ሳያልቅ ፋንተሙ ጠፍቶ ይቆይ።

ከተገጣጠመ በኋላ የቀረው ሽቦዎቹ አለመገላበጣቸውን ማየት ነው። የተጠገነውንና አንድ ደህና ማይክ አጠጋግተው፣ በሚክሰሩ እኩል ከፍተው፣ ከሁለቱ እኩል ርቀት ላይ ሆነው ይናገሩ። ሁለተኛው ሲከፈት ድምፁ ከወፈረ ልክ ነው። ቀጥኖ ከጠፋ፣ ወደ ካፕሱሉ የሚሄዱት ሁለት ሽቦዎች ቦታ ይለዋወጡ።