«ጦስኙ ግፊቴን አወረደልኝ»፦ ስለ ቅጠላ ቅጠል ሻይ ያሉን የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

አክስቴ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ባዶ እጇን አትመጣም። ባለፈው የመጣችው በጋዜጣ የተጠቀለለ ደረቅ ጦስኝ ይዛ ነው። ጥቅሉን ስትፈታው ቤቱ በሙሉ የመንዝን ተራራ ሸተተ። ሻዩ ተፈላ፣ ተቀዳ፣ ጨዋታው ደራ። በመሀል «የግፊቱን ክኒን እኮ ትቼዋለሁ» አለች።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ሁለት ወር ሆነኝ። ይኸው ጦስኙ አወረደልኝ አይደል?»

ብድግ አድርገን ሰፈር ያለ ፋርማሲ ወስደን አስለካናት። የላይኛው ከ170 በላይ ነበር። ራስ ምታት እንኳን የለባትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ይህን ጽሑፍ ሳስብ ከረምኩ። የቅጠላ ቅጠል ሻይ እወዳለሁ። ጦስኝ፣ ዝንጅብል፣ ጠጅ ሳር ከቤቴ አይጠፉም። ውኃ እንድንጠጣ ያደርጉናል፣ ሆድን ያሳርፋሉ፣ ጉሮሮን ያለሰልሳሉ። ይህ ራሱ ትልቅ ነገር ነው። ከዚህ አልፈን የማይችሉትን ሥራ ስንሰጣቸው ግን የምንወደው ሰው ይጎዳብናል።

«ጦስኝ እያለ ክኒን ምን ያደርጋል?»

ጦስኝ እንዲሁ ሽታ ብቻ አይደለም። ታይሞልና ካርቫክሮል የሚባሉ ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ያ የምንወደው ሽታም የሚመጣው ከእነሱ ነው። በላቦራቶሪና በአይጦች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ተስፋ የሚሰጥ ነገር አሳይተዋል። ነገር ግን አይጥ ላይ የታየ ውጤት አክስቴ ስንት ብርጭቆ፣ ለስንት ጊዜ፣ ከየትኛው ክኒን ጋር መጠጣት እንዳለባት አይነግራትም።

በሰው ላይ በደንብ የተሞከረ ካልን ከርከዴ አለ። ሱዳኖች የሚወዱት ያ ቀይ መጠጥ። አሜሪካ የሚገኘው የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2010 እ.ኤ.አ. ያወጡት ጥናት 65 ሰዎችን ያካተተ ነው። ግፊታቸው ትንሽ ከፍ ያለ፣ መድኃኒት ግን ያልጀመሩ ሰዎች ነበሩ። ለ6 ሳምንት በየቀኑ 3 ስኒ ከርከዴ የጠጡት ሰዎች የላይኛው ግፊታቸው በአማካይ በ7 ያህል ቀነሰ። ጥሩ ውጤት ነው። አሁን ወደ አክስቴ እንመለስ። ከ170 ላይ 7 ሲቀነስ 163 ነው። በ163 ደግሞ ማንም ሐኪም «በቃ፣ ድነሻል» ብሎ አያሰናብታትም።

ሌላው ክፉ ነገር ግፊት አለማመሙ ነው። ሰውየው ደህና ነኝ እያለ ልቡ፣ ኩላሊቱና የአንጎሉ የደም ሥሮች ይጎዳሉ። ስለዚህ «ተሻለኝ» የሚለው ስሜት ምንም ማስረጃ አይሆንም። የሚታወቀው ሲለካ ብቻ ነው። አክስቴን ያያት ሐኪም ጦስኙን አልከለከላትም። ክኒኑን መልሳ እንድትጀምር አደረጋት፣ ሻይ እንደምትጠጣም መዝገቧ ላይ ጻፈው። እባካችሁ እናንተም ለሐኪም ንገሩ። «ቅጠል ነው፣ ምን ይነገራል» አይባልም።

ስለ ሺፈራው (ሞሪንጋ) ቅጠልም እንደዚሁ ነው። በኮንሶ ቅጠሉ እንደ ጎመን ተቀቅሎ የሚበላ የዘወትር ምግብ ነው። ምግብነቱ የተመሰከረለት ነው። የስኳር ሕመምን ነቅሎ ያጠፋል የሚለው ግን አልተረጋገጠም። በሱ ተማምኖ ኢንሱሊን ማቆም ሕይወት ያሳጣል።

«ምች ነው፣ ዳማከሴ ይበቃዋል»

ዳማከሴን በመዳፍ አሽቶ ማሽተት፣ ጭማቂውን በቡና መጠጣት፣ ግንባርን መቀባት፤ በዚህ ያላደገ ሰው ጥቂት ነው። እኔም ሲያተኩሰኝ መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የእናቴ መዳፍ አረንጓዴ መሆኑ ነው።

ለጉንፋን ሲሆን ትኩስ ነገር መጠጣት በእርግጥ ይረዳል። በእንግሊዝ አገር አጠገብ ባለችው ዌልስ፣ ካርዲፍ ዩኒቨርሲቲ፣ በ2008 እ.ኤ.አ. 30 ጉንፋን የያዛቸው ሰዎች ላይ ሙከራ ተደርጎ ነበር። አንድ ዓይነት የፍራፍሬ መጠጥ ትኩስም፣ በክፍል ሙቀትም ሆኖ ተሰጠ። ትኩሱ የጉሮሮ ሕመሙን፣ ብርድ ብርድ ማለቱንና ድካሙን ወዲያው አስታገሰ። በክፍል ሙቀት የተሰጠው እነዚህን አላስታገሰም። መጠጡ ያው ነው፤ ልዩነቱን ያመጣው ሙቀቱ ነው። እፎይታ ግን ሌላ ነው፣ መዳን ሌላ። ጉንፋኑን ገድሎ የሚያወጣው የሰውየው የራሱ ሰውነት ነው። መጋቢት 2012 ኮሮና ሲገባ ነጭ ሽንኩርት፣ ዝንጅብልና ሎሚ እንዴት ከገበያ እንደተሻሙ ታስታውሳላችሁ። ቫይረሱ ግን በሻይ አልቆመም።

ከሁሉ የሚያሰጋኝ ትኩሳት ሁሉ ምች መባሉ ነው። ወባም ሲጀምር ትኩሳት፣ ራስ ምታትና ብርድ ብርድ ማለት ነው። ታይፎይድም፣ የሳንባ ምችም እንደዚያው። ፋልሲፓረም የሚባለው የወባ ዓይነት በ24 ሰዓት ውስጥ ካልታከመ ወደ ከባድ ሕመም ሊዞር ይችላል። ሰውየው አዲስ አበባ ተኝቶ «እዚህ ወባ የለም» ይላል፤ ከሁለት ሳምንት በፊት ጋምቤላ ወይም ሁመራ ሠርቶ የተመለሰ መሆኑን ማንም አይጠይቀውም። ከቆላ የመጣ ሰው ካተኮሰው በዚያው ቀን ደሙ ይታይ። ዳማከሴው እቤት ይጠብቀዋል።

«የተፈጥሮ ስለሆነ አይጎዳም»

ይህን ኮሶ ጠጥተው ያደጉ አያቶቻችን ቢሰሙ ይገርማቸው ነበር። ኮሶ የተፈጥሮ ነው። መጠኑ ከበዛ ግን እንደሚጥል፣ ነፍሰ ጡርም እንደማትጠጣው ያውቁ ነበር። የሚሠራ ነገር መጠኑ ካለፈ ይጎዳል።

ጤና አዳምን እንውሰድ። ቡና ላይ ጣል የምትደረገው አንዲት ቅርንጫፍ ሌላ ነገር ናት። እፍኝ ሙሉ አፍልቶ መጠጣት ግን ሌላ ነው፤ ማህፀንን ሊያነቃቃ ስለሚችል ነፍሰ ጡር ሴት በዚህ መልክ ፈጽሞ መጠጣት የለባትም። ቆዳ ላይ ተቀብተውት ፀሐይ ላይ ቢወጡ ደግሞ እንደ እሳት ሊያቃጥልና ውኃ ሊያስቋጥር ይችላል። በአንጻሩ ዝንጅብል በልኩ ሲሆን የእርግዝናን ማቅለሽለሽ ትንሽ ያቀላል። ዋርፋሪን የመሰለ ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ሰው ግን ዝንጅብልና ነጭ ሽንኩርትን አብዝቶ አፍልቶ ከመጠጣቱ በፊት ሐኪሙን ይጠይቅ፤ መድማት ሊያስከትል ይችላል።

«ከምሳ በኋላ ሻይ ምግቡን ያስፈጫል፤ የቅጠል ከሆነማ ደግሞ ደም ይሆናል»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በየቤታችን ያለ ጉዳይ ነው። ጥቁር ሻይ ከምግብ የምናገኘውን ብረት እንደሚይዝብን ብዙ ሰው ሰምቷል። «እኔ የቅጠል ነው የምጠጣው» ብሎ የሚጽናናውም ብዙ ነው።

በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ሰዎች ዳቦ ሲበሉ አብረው የሚጠጡት ነገር ብረቱን ምን እንደሚያደርገው ለካ። ጥቁር ሻይ ወደ ሰውነት የሚገባውን ብረት ከ79 እስከ 94 በመቶ ቀነሰው። የናና ዘመድ የሆነው ፔፐርሚንት በ84 በመቶ ቀነሰው። ካሞሚል እንኳ በ47 በመቶ። ምክንያቱ በቅጠሎቹ ውስጥ ያሉት፣ አፍን ሰብሰብ የሚያደርጉት ፖሊፌኖሎች ናቸው። ሆድ ውስጥ ከብረቱ ጋር ይጣበቁና ይዘውት ይወጣሉ።

ይህ በተለይ የሚነካው ከእህልና ከጥራጥሬ የሚገኘውን ብረት ነው። እንግዲህ የጾም ማዕዳችንን አስቡት። እንጀራ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ጎመን። ብረቱ ያለው እዚያ ነው። በላዩ ላይ ወዲያው ሻይ እናወርድበታለን። ወር በወር ደም ለሚፈሳት ሴት፣ ለነፍሰ ጡር፣ ደም ማነስ አለብህ ለተባለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። መፍትሔው ግን ቀላል ነው። ሻዩን ከምግቡ አንድ ሰዓት ያህል ማራቅ፣ ሰላጣው ላይ ሎሚ መጭመቅ። ሎሚ ብረቱ እንዲገባ ያግዛል።

«ሕፃኑ ሆዱን ቆርጦታል፣ ትንሽ ጤና አዳም በማንኪያ»

አይሆንም። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ ነው፤ ውኃም፣ አብሽም፣ ቅጠልም አያስፈልገውም። ማር ደግሞ አንድ ዓመት እስኪሞላው ድረስ በምንም መልኩ አይሰጥም። ሕፃናትን የሚያሽመደምድ፣ ቦቱሊዝም የተባለ በሽታ የሚያመጣ መርዝ የሚያመነጭ ተህዋሲ ሊኖርበት ይችላል። አያት ብትቆጣም እንኳን።

«በማር ነው የምጠጣው፣ ስኳር የለበትም»

ማርም ከስኳር ይቆጠራል። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ25 ግራም በታች ብንወስድ ይሻላል ይላል፤ ይህም 6 የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። አንዱን ብርጭቆ በ3 ማንኪያ የሚጠጣ ሰው ሁለት ሲደግም ጨረሰው።

«የቅጠል ሻይ ስለሆነ እንቅልፍ አይነሳም»

ጦስኝና ጠጅ ሳር አይነሱም። አረንጓዴ ሻይ ግን የቅጠላ ቅጠል ሻይ ሳይሆን ያው የውሽውሹ ሻይ ቅጠል ነው፤ አሠራሩ ብቻ ተለየ። ካፌይን አለው። የሐረሮቹ ኩቲም የቡና ቅጠል ነውና ካፌይን አያጣውም። ማታ እንቅልፍ እምቢ ያላችሁ እስቲ ይህን ፈትሹ።

«ሰውነት ያጸዳል፣ ቦርጭ ያጠፋል»

በቲክቶክ የሚሸጡት ብዙዎቹ የማክሳት ሻዮች ውስጥ ሰናመኪ አለ። ሰናመኪ የሆድ ድርቀት መድኃኒት ነው። ሚዛን ላይ የጠፋው ኪሎ ስብ አይደለም፤ ውኃና ሰገራ ነው። ለሳምንታት ሲወሰድ ሰውነት ፖታሲየም ያጣል፣ ይህ ደግሞ የልብ ምትን ያዛባል። ደምን የማጥራቱን ሥራ ጉበትና ኩላሊት ሌት ተቀን ይሠሩታል። ማሸጊያው ላይ ምን እንዳለበት ያልተጻፈ ሻይ አትግዙ።

«ሻይ በትኩሱ ነው»

የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም በ2016 እ.ኤ.አ. ከ65 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ የሆነ መጠጥን ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከተባሉት ነገሮች ጋር መድቦታል። የሚያቃጥለው የምግብ ቧንቧን ነው። መጠጡ ምንም ይሁን፣ ችግሩ ከሙቀቱ ነው። በአርሲና በባሌ የምግብ ቧንቧ ካንሰር በብዛት ስለሚታይ ነገሩ ለእኛ ሩቅ አይደለም። ከምድጃ የወረደ ሻይ ጥቂት ደቂቃ ይቀመጥ። ሻይ ቤት ከብርጭቆ ወደ ብርጭቆ ከፍ አድርገው እየገለበጡ የሚያበርዱልን ልጆች ትክክል ናቸው። እናቴም ለእኛ እንደዚያ ታደርግልን ነበር፤ መጀመሪያ የራሷን ከንፈር አስነክታ፣ «አሁን ጠጡ» ትለናለች።