«ነጻ፣ ግን ብቸኛ»፦ በሦስት ኖታ የተጻፈ አባባል

ጀርመኖች «ፍራይ አበር አይንዛም» (Frei aber einsam) የሚሉት አባባል አላቸው፤ «ነጻ፣ ግን ብቸኛ» ማለት ነው። ብዙ ሰው ሲጠቅሰው ፉከራ ያስመስለዋል፤ ማንንም የማይጠብቅ፣ ብቻውን መኖርን የመረጠ ሰው ኩራት አድርጎ ይወስደዋል። እኔ በዚህ አልስማማም። የአባባሉ ክብደት ያረፈው «ግን» በምትለው ትንሽ ቃል ላይ ነው። ተናጋሪው በነጻነቱ ደስ ብሎታል፤ የከፈለውን ዋጋ ግን አልደበቀም።

ይህን ቃል የሕይወቱ መፈክር ያደረገው ቫዮሊኒስቱ ዮዜፍ ዮአኪም ነው። በ1853 (ዓመታቱ በሙሉ በጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር ናቸው) የ22 ዓመት ወጣት ነበር፤ ስሙ በመላው ጀርመን ይታወቃል፤ በሐኖቨር ቤተ መንግሥት ኦርኬስትራ መሪ ቫዮሊን ተጫዋች ሆኖ ተቀጥሯል። የሚወዳት ሴት፣ ጊዜላ ፎን አርኒም፣ የእርሱ አልሆነችም፤ በኋላ ሌላ ሰው አገባች። የብቸኝነቱን ስሜት ከዚህ ነጥሎ ማየት ይከብዳል።

ጀርመኖች ኖታን የሚጠሩት በፊደል ነው። ስለዚህ የሦስቱ ቃላት የመጀመሪያ ፊደላት፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ኢ፣ ያለ ምንም ለውጥ ዜማ ይሆናሉ፦ ፋ፣ ላ፣ ሚ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ ዮአኪም ወደ ዱሰልዶርፍ ሲመጣ፣ የሙዚቃ ደራሲው ሮበርት ሹማን፣ ተማሪው አልበርት ዲትሪክና ገና የ20 ዓመት ልጅ የነበረው የሙዚቃ ደራሲ ዮሃነስ ብራምስ በእነዚህ ኖታዎች ስም አንድ የቫዮሊንና የፒያኖ ሶናታ፣ ባለ ብዙ ክፍል ድርሰት፣ በጋራ ጽፈው አበረከቱለት። የትኛውን ክፍል ማን እንደጻፈው እንዲገምት ጠየቁት። ዮአኪም ከሮበርት ሚስት ከፒያኒስቷ ክላራ ሹማን ጋር ተጫውቶት ሲያበቃ ሁሉንም በትክክል ለየ። ስለ ብቸኝነት የተነገረ ቃል የሦስት ወዳጆች ስጦታ ሆኖ መመለሱ እስከ ዛሬ ልቤን ይነካኛል።

ሃያ ዓመት አለፈ። ብራምስ በዚህ መካከል ወደ ሃያ የሚጠጉ የክር ኳርቴቶችን ጽፎ እንዳጠፋቸው ለአንድ ወዳጁ ተናግሯል። የክር ኳርቴት ሁለት ቫዮሊን፣ አንድ ቪዮላና አንድ ቼሎ ብቻ ነው፤ ከኋላው የሚደበቁበት ኦርኬስትራ የለም፤ በዚህ ዘርፍ ታላላቅ ሥራዎችን ትቶ ያለፈው የቤትሆቨን ጥላም ከባድ ነበር። በመጨረሻ በ1873 በጋ፣ በባቫሪያ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ቱትሲንግ፣ የ40 ዓመቱ ብራምስ ኦፐስ 51 በሚል ቁጥር ሁለት ኳርቴቶችን ጨረሰ። ሁለተኛው፣ በላ ማይነር፣ በሚያስቆዝም ቅኝት የተጻፈው፣ ሲጀምር የመጀመሪያው ቫዮሊን የሚያሰማው ላ፣ ፋ፣ ላ፣ ሚ ነው። የዮአኪም መፈክር እዚያ ውስጥ አለ።

ዜማው ረጅምና ቁዝምዝም ያለ ነው፤ ቀስ ብሎ ይተነፍሳል፤ ከሥሩ ግን ዕረፍት የሌለው አጀብ ይሄዳል። ብዙ ሳይቆይ ሁለቱ ቫዮሊኖች ጎን ለጎን ሆነው ጣፋጭ፣ እንደ ቪየና ጭፈራ የሚወዛወዝ ዜማ ያነሣሉ። ለእኔ የአባባሉ ትርጓሜ እዚህ ላይ ይሰማል፦ ብቸኛው ቃል አብሮት የሚሄድ ያገኛል።

ኳርቴቱ በሙሉ ካኖን በሚባለው አሠራር የተሞላ ነው። ይህ እንደ እኛ አውጪና ተቀባይ አይደለም፤ ተቀባይ አውጪው እስኪጨርስ ይጠብቃል። በካኖን አንዱ የጀመረውን ሌላው ገና ሳያልቅ ያነሣዋል፤ እግር በእግር ይከተለዋል። በሁለተኛው ክፍል መካከል የመጀመሪያው ቫዮሊንና ቼሎው፣ ከፍተኛውና ዝቅተኛው ድምፅ፣ በዚህ መንገድ እንደ ሃንጋሪ ዘፋኝ በግለት ይጠራራሉ፤ በመሃላቸው ያሉት ሁለቱ ይንቀጠቀጣሉ። የሃንጋሪው ቅላጼ ያለ ምክንያት የገባ አይመስለኝም፤ ዮአኪም የዚያ አገር ልጅ ነው።

የኳርቴቱ መታሰቢያነት ግን ለዮአኪም አልሆነም፤ በገጹ ላይ የሰፈረው የቪየናው የቀዶ ጥገና ሐኪም የቴዎዶር ቢልሮት ስም ነው። ሆኖም በዚያው ዓመት ጥቅምት በርሊን ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሕዝብ ያሰማው ዮአኪም የሚመራው የአራት ተጫዋቾች ቡድን፣ የዮአኪም ኳርቴት፣ ነበር። ያን የመጀመሪያ ዜማ በቫዮሊኑ ያወጣው ራሱ ዮአኪም ነው ማለት ነው። በዚያን ጊዜ ሚስት አግብቶ ልጆች ወልዷል፤ ብራምስ ግን እስከ ዕለተ ሞቱ አላገባም።

ብራምስ ለወዳጁ መፈክር «ነጻ፣ ግን ደስተኛ» የሚል መልስ ነበረው የሚለው ወሬ በሰፊው ይነገራል። ምንጩ ከሞቱ በኋላ የተጻፈ የሕይወት ታሪክ ሲሆን አጥኚዎች ይጠራጠሩታል። እኔም ኳርቴቱን ስሰማ ለመቀበል ይከብደኛል። በመጨረሻው ክፍል፣ ከብዙ የጭፈራ ግለት በኋላ፣ ሙዚቃው ድንገት ይለዝባል፤ ቼሎውና ቫዮሊኑ ዋናውን ዜማ በላ ሜጀር፣ በብሩህ ቅኝት፣ እየተከታተሉ በለሆሳስ ያዜሙታል። ደስታው የመጣ ይመስላል። ከዚያ ፍጥነቱ ይጨምራል፤ አራቱም እየተጣደፉ ወደ ላ ማይነር ይመለሱና እዚያው ያበቃሉ።